ካርታው ሲያድግ እጅ አያድግም

ሽማግሌው ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ካርታ አውጥተው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ባለ ቀይ ልብ ንግሥት ናት። «ይህችን አምስት እጥፍ አሳድገህ ትሠራልኛለህ?» አሉኝ። «ሦስት ጓደኞችም አሏት። ከፊትም ከኋላም እውነተኛ ካርታ መምሰል አለባቸው። መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሳይንጠራራ ሊያያቸው ይገባል።»

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን ፖስተር በእጄ የማያልፍበት ሳምንት የለም። ጥረዛ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ 31 ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለምትሃት ትርኢት የሚሆን ካርታ ሥራልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በየቤተ መጻሕፍቱና በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለልጆች ትርኢት ያሳያሉ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ተራው ካርታ ወርዱ 63፣ ቁመቱ 88 ሚሊሜትር ነው። በአምስት ሲባዛ 31 ሴንቲሜትር ተኩል በ44 ይመጣል። በየጎኑ 5 እጥፍ ማለት ግን በስፋት 25 እጥፍ ነው፤ ችግሩም የሚባዛው በዚያው ልክ ነው። ምስሉን አትሜ ጠንካራ ካርቶን ላይ በኮላ ለጠፍኩት፤ ፊቱን ብቻ የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን አልብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ስመጣ አራቱም እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዛቸውን አንሥተው ጠበቁኝ።

በዚህስ ማፈር ነበረብኝ። አጎቴ የብራና መጻሕፍት ጠራዥ ነበር፤ የእንጨት ገበታ ላይ ቆዳ ሲያለብስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት። «ልጄ፣ እንጨትን አንድ ፊቱን ብቻ ካለበስከው ወደ ለበሰው በኩል ይጎብጥብሃል፤ ውስጡንም አልብሰው» ይለኝ ነበር። እርጥብ ኮላ የጠጣ ነገር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ የተጣበቀበትን ይዞ ይሄዳል። የሚጎትተውን የሚመልስ ሌላ ጎታች በጀርባው ከሌለ ገበታው ይሸነፋል። እንደ ገና ጀመርኩ። ፊትና ጀርባውን በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ ጅማቱን በአንድ አቅጣጫ አድርጌ አለበስኩት፤ ሁለት ሌሊትም ከክብደት ሥር አሳደርኩት። የመድረክ መብራት ተመልሶ የተመልካቹን ዐይን እንዳይወጋ ላሚኔሽኑን የማያብረቀርቅ አደረግኩት። ማዕዘኑንም አሰብኩበት። የትንሹ ካርታ ማዕዘን የሚዞረው 3 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ያንን እንዳለ ትልቁ ላይ ብተወው ካርታ መሆኑ ይቀርና የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል። ስለዚህ የማዕዘኑንም ክብ በአምስት አባዝቼ በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ቅርጽ ቆረጥኩት።

ለአራት ካርታ ይህን ያህል ከደከምኩ በኋላ ከእኔ በፊት በዚህ ሙያ የደከሙትን ሰዎች ማወቅ ፈለግኩ። ያነበብኩትና ያየሁት ሁሉ ሙያዬን በአዲስ ዐይን እንዳየው ስላደረገኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ትልቅ ካርታ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ሙዚየም ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ በግብፅ ማምሉኮች ዘመን በእጅ የተሣለ ካርታ አለ፤ ከ52ቱ 47ቱ ተርፈዋል። እያንዳንዱ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ወርዱ ደግሞ ከ10 የማይሞላ፣ ረጅምና ቀጭን ነው። አራቱ ምልክቶቹ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ የሚጫወቱበት የፖሎ ዱላ ናቸው፤ የገና ጨዋታን ዱላ ለሚያውቅ ሰው የዚያ ዱላ ቅርጽ እንግዳ አይሆንበትም። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው ከዚሁ ከእስላሙ ዓለም በኩል ሲሆን፣ ፍሎረንስ ከተማ በ1377 ጨዋታውን የሚከለክል ደንብ አውጥታበታለች። በሽቱትጋርት ሙዚየም የሚገኘውና በ1430 አካባቢ የተሠራው የጀርመን ካርታም 19 ሴንቲሜትር በ12 ነው፤ ዳክዬና ጭልፊት፣ አጋዘንና አዳኝ ውሻ በወርቅ መደብ ላይ ተሥለውበታል። እነዚህ የመኳንንት ካርታዎች ናቸው። የሚያዙት በዝግታ፣ የሚታዩት ከቅርብ ነበር፤ ትልቅነታቸው የባለቤቱን ሀብት ከማሳየት ያለፈ ሥራ አልነበረውም።

ካርታን ያሳነሰው ድሃው ነው። በጠጅ ቤትና በወታደር ሰፈር ለመጫወት እጅ ውስጥ የሚገባ፣ በርካሽ የሚገዛ ካርታ ያስፈልግ ነበር። ለዚህ የእንጨት ማተሚያ ደረሰ። ፈረንሳዮች በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ምልክቶቹን ዛሬ ወደምናውቃቸው ልብና ሌሎች ቀላል ቅርጾች አወረዷቸው። ሁለት ቀለም ብቻ፣ ቀይና ጥቁር፤ እያንዳንዱም በወረቀት ላይ በተቆረጠ ቀዳዳ በኩል በብሩሽ የሚቀባ። ሩዋን ከተማ የዚህ ሙያ ትልቅ መናኸሪያ ሆነች፤ ካርታዋም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። እንግሊዞችም በበኩላቸው በ1628 የካርታ ሠሪዎችን ማኅበር በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ቻርተር አቋቋሙ።

ዱአሜል ዱ ሞንሶ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1762 ስለ ካርታ ሠሪዎች ጥበብ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። የዚያን ዘመን ፈረንሳዊ ካርታ ሠሪ አሠራር ስመለከት የገዛ ጠረጴዛዬን ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሠሪው አንድ ወፍራም ወረቀት አይጠቀምም፤ ስስ ወረቀቶችን በኮላ ደራርቦ ያጣብቃል። ፊት የሚሆነው ምስሉን የሚቀበል ነው፣ ጀርባው ደግሞ ንጹሕ ነጭ። በመካከል ግን ማንም የማያየው ግራጫ ወረቀት ይገባል፤ ሥራው ብርሃን እንዳያልፍ መከልከል ነው። ከዚያ ተጠቅጥቆ ይጨመቃል፣ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ይቀባል። በመጨረሻም ሳሙና ታሽቶበት በለሰለሰ ጥቁር ድንጋይ እየተገፋ ይወለወላል፤ ካርታ በካርታ ላይ የሚንሸራተተው በዚያ ድንጋይ ድካም ነው። አጎቴ ብራናውን በድንጋይ ሲፍቅ እጁ ይሄድና ይመለስ የነበረው እንዲሁ ነው። የእሱ ድንጋይ የብዕሩን መንገድ ያቃናል፣ የእነሱ ድንጋይ የጣቱን።

ያ ግራጫ ወረቀት ዛሬም አልጠፋም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። ጥሩ የፋብሪካ ካርታ የሚሠራው ሁለት ወረቀት በጥቁር ኮላ ተጣብቆ ነው። ጥርጣሬ የገባው ሰው አንድ ካርታ ቀድዶ ጠርዙን ይመልከት፤ መካከሉ ላይ እንደ ኩል የጠቆረ መስመር ያገኛል። እኔም የመጀመሪያውን ካርታዬን በመስኮቱ አንጻር ወደ ፀሐይ ሳነሣው የንግሥቲቱ አክሊል ጥላ ከኋላ በኩል ታየኝ፤ ለምትሃት ሰው ይህ ሞት ነው። ከካርቶኑ ጋር ጥቁር ወረቀት አስገብቼ ዘጋሁት። ከ250 ዓመት በፊት የነበሩት ሰዎች ያወቁትን እኔ በሦስተኛው ሙከራ ደረስኩበት።

ጀርባው ራሱ ታሪክ አለው። የጥንቱ ካርታ ጀርባ ባዶ ነጭ ስለነበር ጥቂት ከተጫወቱበት በኋላ በእጅ እድፍ ይለያል፤ ይህ ለአታላይ የተከፈተ በር ነው። በካርታ ላይ ብዙ ገንዘብ ስለሚዞር መንግሥትም አይለየውም ነበር። በእንግሊዝ የካርታው ቀረጥ የተከፈለ መሆኑ የሚታወቀው ጥቁሩ አንድ ቁጥር ካርታ ላይ ባለው ምልክት ነው። ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ካርታ ሠሪ ያንን አስመስሎ በመሥራቱ በ1805 ተሰቅሏል። አንዲት ካርታ የሰው ነፍስ ታስጠፋ ነበር። በ1831 ቶማስ ዴ ላ ሩ በማሽን ባለ ቀለም ካርታ የማተም መብት ከንጉሡ ሲያገኝ ሙያው መልኩን ለወጠ። ከ1860ዎቹ ጀምሮም በማዕዘኑ ላይ ቁጥርና ምልክት መግባት ጀመረ። ሲንሲናቲ የነበረው የአሜሪካ ፋብሪካ የመጀመሪያ ካርታውን በ1881 አወጣ፤ በ1885 ደግሞ ዛሬም ምትሃተኞች የሚወድዱትን ባይስክል የተባለውን። ሁሉም በማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚታተም ከዚህ በኋላ አንድ ካርታ ከሌላው በጀርባው አይለይም። ምትሃት የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ካልመሰሉ አንዱ ተለወጠ ማለት ትርጉም የለውም።

ምትሃተኞቹስ? የካርታ ጥበብ ለረጅም ዘመን የጠረጴዛ ዙሪያ ጥበብ ነበር። ሬጂናልድ ስኮት በ1584 በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ የካርታ ብልሃቶችን የገለጠው ተመልካቹ አጠገብ ቆሞ የሚያያቸውን ነው። ዮሐን ኔፖሙክ ሆፍዚንሰር በቪየና የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር። ከ1857 ጀምሮ እንግዶቹን በሳሎን ተቀብሎ በካርታ ያስደንቅ ነበር፤ ያ ቤት ለትንሽ ካርታ ይበቃል። ዣን ኡዤን ሮቤር ኡዳን በ1845 በፓሪስ ፓሌ ሮያል የከፈተው ቲያትር እንኳ 200 ያህል ወንበር ነው የነበረው። ነገር ግን ዘመኑ የትልልቅ አዳራሾች ዘመን እየሆነ መጣ። መብራቱ እየበዛ፣ ሰገነቱ ከፍ እያለ፣ ወንበሩ እየራቀ ሄደ። ከፊት ተቀምጦ ብዙ የከፈለው ያያል፤ ከላይ ሰገነት ላይ በሳንቲም የገባው ደግሞ አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ሲያወዛውዝ ብቻ ነው የሚታየው።

ለዚያ የሩቅ ሰው መጀመሪያ ካሰቡት አንዱ ሃዋርድ ተርስተን ነው እላለሁ። በኦሃዮ የተወለደው ይህ ሰው በ1898 ዴንቨር ላይ ሊዮን ኸርማን የተባለውን ታዋቂ ምትሃተኛ ከካርታ መካከል የተጠራው ካርታ ወደ ላይ በሚነሣበት ብልሃቱ አስደንቆ ስም አወጣ፤ በ1900 ለንደን ደረሰ። በ1908 ደግሞ የአሜሪካን ትልቁን የምትሃት ትርኢት ከሃሪ ኬላር ተረከበ። ካርታ ሲወረውር እስከ ላይኛው ሰገነት ያደርሰው ነበር፤ ተመልካቹም እየያዘ ለማስታወሻ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ካርታው አልታይ ላለው ሰው ካርታውን ራሱን ላከለት። ሌሎቹ ያገኙት መፍትሔ ካርታውን ማሳደግ ነው።

ማሳደጉ ግን አንድ ነገር አስከተለ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። ካርታው ሲያድግ እጅ አያድግም። በትንሹ ካርታ ምስጢሩ በጣት ውስጥ ነው። በመዳፍ ይደበቃል፣ ከሥር ይሳባል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ይነሣሉ፤ ለዚህም ሰውየው አሥርና ሃያ ዓመት ልምምድ ያደርጋል። 44 ሴንቲሜትር ቁመት ያለውን ካርታ ግን በመዳፉ የሚሸሽግ ሰው አልተፈጠረም። ስለዚህ ጥበቡ ከጣት ወጥቶ ወደ ካርታው ገባ፤ ከአሳዪው ወደ ሠሪው ተላለፈ ማለት ነው። በትንሹ ካርታ ጊዜ ሠሪውና ምትሃተኛው አይተዋወቁም ነበር፣ በትልቁ ጊዜ ግን የምስጢር ተካፋዮች ሆኑ።

መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል። ሆፍዚንሰር በልዩ ሁኔታ የተዘጋጁ ካርታዎችን ያውቅ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ኦቶካር ፊሸር ጥበቡን ሰብስቦ በ1910 በመጽሐፍ አወጣው። ፕሮፌሰር ሆፍማን በሚል ስም ይጽፍ የነበረው እንግሊዛዊው ጠበቃ አንጀሎ ሉዊስም በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ ስለሚለወጡ ካርታዎች ጽፏል። ፊላደልፊያ ውስጥ በመንግሥት የሳንቲም ማምረቻ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ዴላንድ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብዙ የምትሃት ካርታዎችን ፈልስፎ ለገበያ አቀረበ። ገንዘብ በሚመታበት ቤት የሚውል ሰው የአንድን ሚሊሜትር ክብር ያውቃል። ከእነዚህ ስሞች ኋላ በየሱቁ ጓዳ ወረቀት የሚሰነጥቁ፣ ኮላ የሚቀቡ፣ ጠርዝ የሚያስተካክሉ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው አልተጻፈም፤ ሥራቸው እንዳይታይ ነበርና የሚሠሩት።

የእነዚህ ትልልቅ ካርታዎች መጠሪያም ከእኛ አካባቢ የተነሣ ታሪክ አለው። በመደብሮች «ጃምቦ» ካርታ ይባላሉ። ጃምቦ የዝሆን ስም ነው። ጣሂር ሸሪፍ የተባለ ሱዳናዊ አዳኝ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ አካባቢ እናቱ የተገደለችበትን ግልገል ያዘ። ግልገሉ በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ከፓሪስ በ1865 ለንደን ገባ፣ በ1882 ፒ ቲ ባርነም ገዝቶ አሜሪካ አመጣው፤ በ1885 ካናዳ ውስጥ በባቡር ተገጭቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ከልክ ያለፈ ትልቅ ነገር በእሱ ስም ይጠራ ጀመር። እናቱን በአገሩ ጠረፍ ላይ ያጣው ግልገል በየሱቁ የካርታ ሳጥን ላይ ስሙ ተጽፎ ሳየው ያሳዝነኛል። እኔም ከዚያው ምድር የመጣሁ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ስሙን የምጠራው በክብር ነው።

የሽማግሌው አራት ካርታዎች የሚያገለግሉት ቀይዋን ንግሥት ፈልግ ለሚባለው ጨዋታ ነው። ሲነግሩኝ ደነገጥኩ፤ ጨዋታውን አውቀዋለሁና። በወጣትነቴ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካርታ ሦስት የሚያጫውቱ ነበሩ። ካርቶን ገልብጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሰዉን ትከሻ ለትከሻ አስጠግተው ነበር የሚያጫውቱት። የአንድ ሳምንት የታክሲ ገንዘቤን እዚያ ጥዬ በእግሬ ተመላልሻለሁ። አሁን ሳስበው የዚያ ማታለል ግማሽ ኃይሉ ትንሽነቱ ነበር። ካርታው ትንሽ፣ ካርቶኑ ዝቅ ያለ፣ ክቡም ጠባብ ስለነበር ከኋላ የቆመ ሰው አይቶ «ተው ወንድሜ፣ እየበሉህ ነው» ሊለኝ አልቻለም። ያንኑ ጨዋታ ወደ ላይ አንሥተው፣ አሳድገው፣ ለሁሉም አሳይተው የሚሠሩት ምትሃተኞች ተገላቢጦሹን አደረጉ። የምትሃት ዕቃ ሠሪው የኤሪክ ሉዊስ ልጅ ማርቲን ሉዊስም የመንገድ ላዩን ጨዋታ በትልልቅ ካርታዎች ለመድረክ ካበቁት አንዱ ነው። በመድረክ ላይ ማንም ገንዘቡን አያጣም። ተመልካቹ እንደሚታለል አውቆ፣ ፈቅዶ ይገባል። ሁሉም እኩል ያያል፣ እኩልም ይደነቃል።

ከአራቱ ካርታዎች በአንዷ ላይ የሠራሁትን አልናገርም። ሽማግሌው እንድምልላቸው አልጠየቁኝም፤ ዐይኔን ብቻ አዩት፣ በቃ። ይህን ያህል ግን ልበል፦ በዚያች ካርታ ላይ አንድ ስፌት አለ። ስፌት የምለው ሁለት ወረቀት የሚገናኝበትን መስመር ነው። በምላጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን በስስ አሸዋ ወረቀት አሹዬ፣ ኮላውን በመርፌ ጫፍ አስገብቼ፣ የንግሥቲቱ ልብስ ጥቁር መስመር ላይ እንዲያርፍ አደረግኩት። ምስሉን አምስት እጥፍ ሳሳድገው መስመሮቹም አብረው ወፍረው ነበር፤ ስለዚህ በእጄ እንደ ገና ሥዬ አቀጠንኳቸው፣ ያችን አንዷን መስመር ብቻ ወፈር አድርጌ ተውኳት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስትገለጥ ድምፅ እንዳታሰማ ደግሞ ጠርዟን በጣቴ እያሸሁ አለሰለስኳት፤ ትልቅ ካርታ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃልና።

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ትርኢት እንዳላቸው ነግረውኝ ሄድኩ። ሆን ብዬ መጨረሻ ረድፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛለች፤ ትንሹ ሰባት ዓመት አይሞላውም። ሽማግሌው አራቱን ካርታዎች ደረታቸው ላይ ዘርግተው ቀይዋን ንግሥት አሳዩ፤ ገለበጡ፣ አማቱ፣ «የት ናት?» አሉ። ከፊት ያሉት ሳይናገሩ ይህ ከጎኔ ያለ ልጅ ብድግ ብሎ «ሦስተኛዋ! ሦስተኛዋ!» ብሎ ጮኸ። በእኛ ረድፍ ያለ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ አየ። ሽማግሌው ሦስተኛዋን ቀስ አድርገው ገለጧት፤ ጥቁር ነበረች። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ቀጥሎ ልጆቹ ሁሉ በአንድነት ተንጫጩ። ልጁ ተናዶ አልተቀመጠም፤ አፉን ከፍቶ ወደ እናቱ ዞረ።

በዚያች ጸጥታ ውስጥ እኔ ካርታውን ነበር የማየው። ስፌቱ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ያጣበቅኩት በገዛ እጄ ነው። ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ ዐይኔን አጥብቤ ፈለግኩት። አልታየኝም።